የቦኖው ውሃ ስንት ፍሎራይድ አለው? ከስምጥ ሸለቆ የተገኘ ተሞክሮ

በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ፤ ከእነዚህም ዓመታት የተወሰኑትን የከተማዋ የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ልጆቼን ያሳደግሁትም እዚያው፣ ከዚያው የቦኖ ውሃ እያጠጣሁ ነው። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ አካባቢ ለሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የውሃ ኮሚቴ አባላት ነው። ፍሎራይድ ከዐለት ወደ ውሃ የሚገባ፣ ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ንጥረ ነገር ነው። እርሱ የበዛበትን ውሃ በዓይንም፣ በአፍንጫም ሆነ በምላስ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የምትጠጡት ጉድጓድ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም ፍሎራይድ እንደያዘ የሚገልጽ የላቦራቶሪ ውጤት በእጃችሁ ሳይኖር ስለ ማጣሪያም ሆነ ስለ ሌላ መፍትሔ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው የተበከለ ውሃ ሲባል የሚታየው የደፈረሰው፣ የሚሸተው ወይም ከፋብሪካ የሚለቀቀው ነው። የእኛ ውሃ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነበር። ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ፣ ኩልል ያለ፣ ለልብስ አጠባም የተመሰገነ ውሃ ነበር። ከኩሬና ከወንዝ ይቀዱ ለነበሩ እናቶች ትልቅ እፎይታ አምጥቷል፤ እፎይታውም የውሸት አልነበረም፤ የሕፃናት ተቅማጥ በግልጽ ቀንሶ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሰው የሚያመሰግነው ባሕርይ፣ ማለትም ሳሙና ቶሎ አረፋ ማውጣቱ፣ በእኛ አካባቢ ሊያስጠረጥር የሚገባ ምልክት ነው። ሳሙና በቀላሉ የሚያረፋው ካልሲየም ያነሰው ውሃ ነው። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ፍሎራይት የሚባለው ማዕድን ሆኖ ስለሚዘቅጥ መጠኑ እምብዛም አያሻቅብም፤ ካልሲየም አንሶ ሶዲየምና ባይካርቦኔት በበዛበት ውሃ ግን የሚይዘው ስለሌለ ውሃው ከዐለቱ ጋር በቆየ ቁጥር እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የፍሎራይዱ ምንጭ የሰው እጅ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በፐሚስ፣ በባልጩትና በመሳሰሉት ዐለቶች የተሞላ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ በእነዚህ ውስጥ ሲያልፍ፣ በተለይም ከምድር ውስጥ በሚወጣ ሙቀት ሲታገዝ፣ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይዞ ይወጣል። የሻላና የአቢጃታ ሐይቆች ውሃ ለመጠጥ ከተፈቀደው መጠን በብዙ አሥሮች እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ የያዘው፣ ፍል ውሃዎችም በአብዛኛው ከልክ በላይ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ከ1,400 የሚበልጡ የውሃ ናሙናዎች ተመርምረው ወደ ሩብ የሚጠጉት ለመጠጥ ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ሆነው ተገኝተዋል፤ እጅግ ከፍተኛ መጠን የታየባቸውም በአመዛኙ የስምጥ ሸለቆ ውሃዎች ነበሩ።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የተማሪዎቼ ጥርስ ነው። በከተማዋ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጥርሳቸው የበለዘ፣ የአንዳንዶቹም የተቦረቦረ ነበር፤ በተለይ ልጃገረዶቹ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከድኑ ነበር። በአንጻሩ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው ከደጋ የመጡት ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ያንኑ ውሃ እየጠጡ ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ያደጉት አዛውንቶችም እንደዚሁ ነበሩ። ወላጆች ግን ልጆቹ ጥርሳቸውን ባለመፋቃቸው ወይም ጣፋጭ በማብዛታቸው የመጣ አድርገው ይቆጥሩት ስለነበር ልጁ ይገሠጻል፣ በከሰልና በአሸዋ እንዲፍቅም ይደረጋል፤ ይህም የተጎዳውን የጥርስ ሽፋን ይበልጥ ይሸረሽረዋል። እውነታው ግን ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበልዘው ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ሳይሆን ገና ድዱ ውስጥ ሳለ፣ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ሽፋን በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ የአንድ ልጅ ጥርስ የሚናገረው በእነዚያ ዓመታት ከየትኛው ውሃ ሲጠጣ እንደ ነበረ ነው። በአካባቢያችሁ ይህን መጠርጠር የምትፈልጉ መምህራን ብትኖሩ፣ የበለዘ ጥርስ ያላቸውንና የሌላቸውን ልጆች እስከ ስምንት ዓመታቸው የኖሩበትን ሰፈርና የጠጡበትን የውሃ ነጥብ እየጠየቃችሁ መዝግቡ። ላቦራቶሪን የሚተካ ባይሆንም የትኛው ጉድጓድ በቅድሚያ መመርመር እንዳለበት በደንብ ያመለክታል። ልጆቹን በክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ጥርሳቸውን እንዲያሳዩ ማድረግ ግን አይገባም፤ ያለዚያም የሚበቃ ኀፍረት ተሸክመዋል።

ጥርስ የሚታየው ክፍል ነው፤ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው በአጥንት ላይ ነው። ከፍ ያለ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ እየደደረ፣ ጅማቶቹም ወደ አጥንትነት እየተለወጡ ይሄዳሉ፤ በጊዜ ብዛት የጀርባ አጥንት ይገትራል፣ ነርቭም ሊጫን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተመሠረተው የወንጂ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው በኖሩ ሠራተኞች ላይ ይህ ሕመም እስከ መሽመድመድ ደርሶ በሐኪሞች ተመዝግቧል፤ ፍሎሮሲስ የሚባለው ይህ ከፍሎራይድ ብዛት የሚመጣ የጥርስና የአጥንት ጉዳት በሀገራችን ስምጥ ሸለቆ በሰፊው የታወቀውም በዚያ በኩል ነው። በከተማችን ግን ወገባቸውን የሚያማቸውና ማጎንበስ የሚያቅታቸው ጎልማሶች ለዓመታት ቁርጥማት ነው እየተባሉ የሕመም ማስታገሻ ሲውጡ ኖረዋል። የጤና ባለሙያዎች ለመጠርጠር የሚጠቀሙባቸው ቀላል እንቅስቃሴዎች አሉ፦ ጉልበትን ሳያጥፉ ጎንበስ ብሎ የእግር ጣትን መንካት፣ አገጭን ከደረት ማድረስ፣ ክንድን ዘርግቶ መልሶ በማጠፍ ማጅራትን መንካት። እነዚህን ማድረግ ያቃተው ሰው ሁሉ ፍሎሮሲስ አለበት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ለሐኪሙ የምጠጣው ውሃ ይህን ያህል ፍሎራይድ አለው ብሎ መንገር ራጅ እንዲታዘዝ ምክንያት ይሆናል። የደረሰው የአጥንት ጉዳት በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም፤ ውሃውን መቀየር ግን እንዳይብስ ያደርጋል።

ወደ ምርመራው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚያስፈልገው እርሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን የኢትዮጵያ አስገዳጅ የመጠጥ ውሃ ደረጃም አሁን ይህንኑ ይዟል። ቀደም ሲል በነበረው የሀገራችን መመሪያ ግን የተፈቀደው 3 ሚሊ ግራም ነበር። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው፣ በመዝገብ ቤት የሚገኝ የቆየ ወረቀት ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው ቢል፣ ተስማሚ የተባለው በየትኛው መለኪያ እንደ ሆነ ማጣራት ስለሚያስፈልግ ነው። የእኛ የቆየ ወረቀት ተስማሚ ይል ነበር፤ አጠገቡ የተጻፈው ቁጥር ግን በዛሬው ደረጃ የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ ቃሉን ተዉትና ቁጥሩን አንብቡ። በሞቃት አካባቢ ሰው ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ 1.5 ራሱ ምቾት የሚሰጥ ቁጥር አለመሆኑንም አትርሱ።

ናሙና አወሳሰዱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ሊዋሐድ ስለሚችል ናሙናው በመስተዋት ጠርሙስ ሳይሆን በፕላስቲክ መወሰድ አለበት፤ ከላቦራቶሪው የተሰጠ ዕቃ ከሌለ በደንብ የታጠበ ሃይላንድ ይበቃል። ፓምፑ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ከሠራ በኋላ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ እስከ አፉ መሙላት፣ ከዚያም የጉድጓዱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የውሃውንም ሙቀት መጻፍ ነው። ናሙናው ከማጠራቀሚያው ጋን ብቻ ከተወሰደ የብዙ ጉድጓዶች ቅልቅል ስለሚሆን ጥፋተኛውን ጉድጓድ ይደብቃል፤ ከየጉድጓዱ አፍ ለየብቻ ይወሰድ። ለሙያዬ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ በሁለት ጠርሙስ፣ በተለያየ መለያ ቁጥር ላኩ፤ ከእነርሱ ጋርም ፍሎራይድ የለውም ተብሎ የሚታመን የዝናብ ውሃ በሦስተኛ ጠርሙስ አስከትሉ። ሁለቱ መንታ ናሙናዎች ተቀራራቢ ውጤት ካላመጡ፣ ወይም የዝናቡ ውሃ ከፍ ያለ ቁጥር ካመጣ፣ ምርመራው መደገም አለበት። ይህን ሳደርግ የላቦራቶሪው ባለሙያ ይቀየመኝ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፤ እርሱ ግን ደስ አለው፤ ፍሎራይድን ለይቶ የሚያነበውን ኤሌክትሮድ እንዴት እንደሚያስተካክልም አሳየኝ። የክልል ውሃ ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ምርመራ ያደርጋሉ፤ ጥያቄው በኮሚቴው ማኅተም በደብዳቤ ሲቀርብ መልሱ የተሻለ ነው። ምርመራው በበጋም በክረምትም ቢደገም ይመረጣል።

ውጤቱ ሲመጣ ያስደነቀን በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነበር። ከከተማዋ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ከተፈቀደው መጠን ትንሽ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ሌላው፣ ጠለቅ ብሎ የተቆፈረውና ውሃው ሞቅ የሚለው፣ አራት እጥፍ ገደማ ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ በእግር የሚኬድ ነው። በስምጥ ሸለቆ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የጎረቤት ቀበሌ ውጤት ለእናንተ ጉድጓድ ዋስትና አይሆንም። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውሃው ይጠራል የሚለው ልማዳዊ እምነትም ለጀርም ይሠራ ይሆናል እንጂ ለፍሎራይድ አይሠራም፤ ጠልቆ የሚገኘው ሞቃት ውሃ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው።

ውጤቱን ለሕዝብ ለማሳወቅ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት አዛውንት ተነሥተው፣ «መምህር፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ስትግቱን የኖራችሁት መርዝ ነዋ!» አሉኝ። «እማማ፣ ዛሬ ጠጥተውት ዛሬ የሚጎዳ አይደለም፤ የሚጎዳው በመጠኑና በዓመታቱ ነው፤ ከሁሉ በፊት ልናድን የሚገባን ሕፃናቱን ነው» ብዬ መለስሁላቸው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት መልሱ መዘጋጀት አለበት፤ ሕዝብ ስለ ፍሎራይድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ጉድጓዱን ትቶ ወደ ቀድሞው ወንዝ ወይም ኩሬ መመለስ ነው፤ ይህ ደግሞ ሕፃናትን በሳምንታት ውስጥ ለሚገድል ተቅማጥ ያጋልጣል። ጉድጓዱ አይዘጋ፤ አገልግሎቱ ይለይ። ለልብስ፣ ለገላ፣ ለቤት ጽዳት ያ ውሃ ምንም ችግር የለውም፤ መለየት የሚያስፈልገው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚውለው ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን ከ5 እስከ 7 ሊትር ገደማ ነው። ምግብ ማብሰያውን የሚረሳ ብዙ ነው። ለሊጥ የገባው፣ ሽሮው የመጠጠው፣ ለቡናና ለሻይ የፈላው ውሃ ሁሉ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ሆድ ይገባል፤ የሻይ ቅጠል ደግሞ በራሱ ፍሎራይድ ያለው ተክል ስለሆነ ለሕፃናት ሻይ ማብዛት አይመከርም።

በዚያው ስብሰባ የተነሡት የቤት ውስጥ መፍትሔዎች አብዛኞቹ ለፍሎራይድ የማይሠሩ ናቸው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም በሊትር 4 ሚሊ ግራም ያለው ውሃ ሩቡ እስኪተን ቢፈላ የቀረው ወደ 5.3 ከፍ ይላል። ውሃ አጋርና ሌላው ክሎሪን፣ በጨርቅ ማጥለል፣ የአሸዋ ማጣሪያ፣ በየሱቁ የሚሸጠው የሸክላ ማጣሪያም ከፍሎራይድ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ለሌላ ነገር ስለሚጠቅሙ አትጣሏቸው፤ ለዚህ ግን አትመኑባቸው።

ቶሎ የሠራልን የዝናብ ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ከፍሎራይድ ነጻ ነው ሊባል የሚችል ስለሆነ ባይበቃም እንኳ ለመቀላቀል ያገለግላል፦ በሊትር 4 ሚሊ ግራም ያለው አንድ ጀሪካን የጉድጓድ ውሃ ከሁለት ጀሪካን የዝናብ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 1.3 ገደማ ይሆናል። ስሌቱን ለመሥራት ግን የጉድጓዱ ቁጥር ይታወቅ፤ የእናንተ 8 ከሆነ ይህ ድርሻ አይበቃም። በትምህርት ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ተሠርቶ ውሃው ወደ ሮቶ እንዲገባ ተደረገ። ከበጋ በኋላ የሚዘንበው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ውጭ መለቀቅ አለበት፤ ሮቶው ይከደን፣ ውሃውም ከመጠጣቱ በፊት በክሎሪን ይታከም። የበጋው ወራት ረጅም ስለሆነ ክረምት ላይ የተጠራቀመው ውሃ ለሁሉም ሰው ዓመቱን ሙሉ አይበቃም፤ እኛ ያደረግነው ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ክፍል ላሉት ብቻ እንዲሆን መወሰን ነው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ቅር ተሰኝተዋል፤ ጥርሳቸው አስቀድሞ ተሠርቶ ስላለቀ ግን ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ነው። የከብት አጥንት አየር እንዳያገኝ ተደርጎ በ400 እና በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲከሰል ፍሎራይድን የሚይዝ ጥቁር ቅንጣት ይሆናል፤ በኬንያ፣ ናኩሩ አካባቢ፣ ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ሙቀቱ ከበዛ አጥንቱ ነጥቶ ኃይሉን ያጣል፤ ካነሰ ውሃው ይሸታል። ከቴክኒኩ በፊት የተነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ ክርስቲያኖቹ በአጥንት ያለፈ ውሃ በጾም ይጠጣል ወይ አሉ፤ ሙስሊሞቹ ደግሞ አጥንቱ በማን እጅ የታረደ ከብት እንደ ሆነ ጠየቁ። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚናቁ አልነበሩም። ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት የሁለቱም የሃይማኖት አባቶች ተጠርተው የከሰለውን አጥንት በእጃቸው አይተው፣ ተወያይተው ለምእመናኖቻቸው በራሳቸው አንደበት ስለነገሩ ጉዳዩ በሰላም አለፈ። ይህ ሳይደረግ ማጣሪያ የተተከለበት አንድ ቀበሌ አውቃለሁ፤ ሰዉ በይሉኝታ ዝም ብሎ ውሃውን ለከብት ይቀዳ ነበር።

የአጥንት ከሰል ዋናው ድክመት ከጊዜ በኋላ መሙላቱ ነው። ፍሎራይድ የሚይዝበት ቦታ ሲያልቅ ውሃው እንደ ቀድሞው ጠርቶ፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ ይወርዳል፤ ፍሎራይዱ ግን አብሮ ያልፋል። ማጣሪያውን ያቆመልን ድርጅት አስመርቆ ሄደ፤ የመለኪያ መሣሪያም ሆነ ቅያሪ ከሰል አልተወልንም። በወራት ጊዜ ውስጥ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ቁጥር ወደ ጉድጓዱ ቁጥር እየተጠጋ መሄዱን ያወቅነው በየወሩ ናሙና እየወሰድን እናስመረምር ስለነበር ብቻ ነው። ያን ባናደርግ ኖሮ ተጣርቷል በሚል እምነት የሕፃናቱን የዝናብ ውሃ ለሌላ እናውለው ነበር። በዚህ ምክንያት ማጣሪያ ሊሰጣችሁ የሚመጣን ማንኛውንም አካል፣ ከመፈራረማችሁ በፊት፣ የወጣውን ውሃ በየወሩ ማን እንደሚለካ፣ ከሰሉ ሲሞላ ማን እንደሚቀይር ወይም እንደሚያድስ፣ ወጪውም ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ማጣሪያው ባይተከል ይሻላል፤ ጥርጣሬን አጥፍቶ ፍሎራይዱን ስለሚተው።

ስለ ሌሎቹ ዘዴዎች ባጭሩ እናገራለሁ። በሕንድ ናልጎንዳ አውራጃ ስም የሚጠራው ዘዴ አልም (ውሃ የሚያጠራ የአሉሚኒየም ጨው) እና ኖራ ጨምሮ በማማሰልና በማዝቀጥ የሚሠራ ሲሆን፣ በእኛም ሀገር በስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን የዕለት ተዕለት ነው፣ የአልሙ መጠን እንደ ውሃው ጠባይ ስለሚለያይ በባለሙያ መቀመር አለበት፣ ፍሎራይዱ እጅግ ከፍ ባለበትም ውሃውን ከ1.5 በታች ማድረስ ይቸግረዋል፤ የሚዘቅጠው ጭቃም ራሱ ፍሎራይድ የተሸከመ ስለሆነ በየሜዳው መደፋት የለበትም። ፍሎራይድን የሚይዝ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት የሆነው አክቲቬትድ አሉሚና በወንጂ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ በደንብ የሚሠራው ግን ውሃው ወደ አሲድነት ሲያዘነብል በመሆኑ አልካላይን ከሆነው ከስምጥ ሸለቆ ውሃ ጋር ያለ ማስተካከያ ቶሎ ይደክማል። ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ፍሎራይድን በሚገባ ያስወግዳል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ መለዋወጫም በማይገኝበት፣ የሚተርፈውን ጨዋማ ውሃ የሚደፉበት ቦታ በሌለበት ግን ለኮሚቴ አቅም የሚመጥን አልመሰለኝም።

እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው ምንጩን መቀየር ነው። ከስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉት ደጋዎች የሚፈልቁት ምንጮች በአብዛኛው ፍሎራይዳቸው ዝቅተኛ ነው፤ ውሃውም በስበት ወደ ታች ስለሚወርድ ፓምፕ አያስፈልገውም። የእኛም ከተማ በመጨረሻ ከደጋ በሚመጣ መስመር ከብዙ ቀበሌዎች ጋር ተያይዛለች። ይህ የኮሚቴ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ ነው፤ የኮሚቴው ድርሻ ቁጥሩን በእጁ ይዞ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ምንጩ ያለበት የደጋው ሕዝብም ቅድሚያ ከውሃው ተጠቃሚ እንዲሆን መከራከር ነው፤ ደጋው ሳይጠጣ ቆላው ቢጠጣ ቧንቧው ብዙ አይቆይም። አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ገጥሞናል። የደጋው መስመር ሲሰበር ወይም በበጋ ሲቀንስ የፓምፕ ኦፕሬተሩ ሰው እንዳይጠማ ብሎ አሮጌውን ጉድጓድ ይከፍታል፤ ውሃው በዚያው ቧንቧ ስለሚመጣ በቤቱ ያለ ሰው ምንም አያውቅም። አሁን ጉድጓዱ በሚከፈትበት ቀን በየቦኖው ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፤ የሕፃናት እናቶች ለሕፃናቱ ብለው በሮቶ ያስቀመጡትን ውሃ የሚጠቀሙት ያን ጊዜ ነው። በዓመት ይህ የሚሆንባቸውን ቀናት መመዝገብም ጠቃሚ ነው፤ ቀናቱ ሲበዙ ለውሃ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናሉ።

በቤት ውስጥ ሊደረግ ስለሚችለው ጥቂት ልጨምር። እናት ራሷ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡት ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጡት ማጥባት ለሕፃኑ ትልቅ ጥበቃ ነው፤ በጉድጓዱ ውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት ግን ሕፃኑን በዕድሜው ለማይገባ መጠን ያጋልጠዋል። ወተትና ሌላ ካልሲየም ያለው ምግብ ፍሎራይድ ከአንጀት እንዳይመጠጥ በመጠኑ ያግዛል፤ ለሕፃናት ከተገኘ ይሰጥ፤ የውሃውን ችግር ግን አይተካም። ትንንሽ ልጆች የጥርስ ሳሙና እንዳይውጡ መጠበቅ፣ የሚቀባላቸውም እጅግ ጥቂት መሆን አለበት። ጥርሱ አንዴ የበለዘ ወጣት ወደ ጥርስ ሐኪም ቢሄድ መልኩን የሚያሻሽል ሕክምና አለ፤ በመንደር የሚደረገው መፋቅና መሞረድ ግን የሚያተርፈው የሚያም ጥርስ ነው።

በአካባቢያችሁ አዲስ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲል ኮሚቴው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገኝ። ቁፋሮው አልቆ የፓምፕ ሙከራ በሚደረግበት ጊዜ፣ ቧንቧ ከመዘርጋቱና ቦኖ ከመሠራቱ በፊት፣ ፍሎራይድ እንዲለካ ጠይቁ፤ ገንዘቡ ሁሉ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጣን መጥፎ ቁጥር መስማት የሚፈልግ አይገኝም። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የውሃውን ሙቀትና የተሟላ የኬሚካል ውጤት የያዘውን ወረቀት ቅጂ ተቀበሉና አንዱን በኮሚቴው፣ አንዱን በትምህርት ቤቱ፣ አንዱን በጤና ኬላው አስቀምጡ። የኮሚቴ አባላት ይለዋወጣሉ፣ ወረቀትም ይጠፋል፤ እኛ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በቦኖው ግድግዳ ላይ በቀለም ጽፈነዋል፤ በየምርመራውም ይታደሳል።